ለልጆች የቆየ የሆድ ድርቀት የነርቭ ማነቃቂያ ማሽን፦ ቤት ውስጥ እንዴት ነው የምንጠቀመው?

«ማሽኑን አዘዙልን፣ አንዴ አሳዩን፣ ቤት ስንደርስ ግን ፓዱ የት የት እንደሚለጠፍ ጠፋብን» የሚል ጥያቄ ከወላጆች በጣም ነው የሚበዛብኝ። ስራዬ ፊዚዮቴራፒ ስለሆነ ለየብቻ ሳስረዳ ከርሜያለሁ፣ አሁን ግን አንዴ ሰብሰብ አርጌ ልጻፈውና የጠየቀኝን ሁሉ ወደዚህ ልምራ ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ይሄ ለማን እንደሆነ እንግባባ። ልጃቹ ለወራት የሆድ ድርቀት ኖሮበት፣ ሐኪም አይቶት፣ የሚያለሰልስ መድኃኒትና የሽንት ቤት ልምምድ በትክክል ተሞክሮ አልበቃ ብሎ፣ ከዛ በኋላ ማሽን የታዘዘለት ከሆነ ነው። ከኦንላይን ማሽን ገዝታቹ በራሳቹ ልትጀምሩ ከሆነ እዚህ ጋ ቁሙና መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ።

የትኛው ዓይነት ነው የታዘዘላቹ?

ሁሉም «የነርቭ ማሽን» ይባላል እንጂ አንድ አይደለም፣ ብዙ ስህተት የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

- ኢንተርፈረንሻል፦ አራት ፓድ አለው፣ ሁለቱ ሆድ ላይ ሁለቱ ጀርባ ላይ። ሰገራው ትልቁ አንጀት ውስጥ ቀስ እያለ ለሚጓዝባቸው ልጆች በብዛት የተሞከረው ይሄ ነው።
- ፓራሳክራል ቴንስ (ቴንስ ማለት ቆዳ ላይ በተለጠፈ ፓድ ነርቭ የሚያነቃቃ ተራ ማሽን ነው)፦ ሁለት ፓድ፣ ከወገብ በታች ከመቀመጫ በላይ ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ግራና ቀኝ። የሽንት ችግርም አብሮ ላለባቸው ልጆች ብዙ ጊዜ ይመረጣል።
- የቁርጭምጭሚት (ቲቢያል ነርቭ)፦ ሁለት ፓድ፣ እግር ላይ።
- በቀዶ ጥገና የሚቀበረው፦ ቀጭን ሽቦ በዛው ከወገብ በታች ባለው ጠፍጣፋ አጥንት (ሳክረም) ላይ ባለች ቀዳዳ ገብቶ ሶስተኛው የሳክራል ነርቭ አጠገብ ይቀመጣል፣ መጀመሪያ በውጪ ባትሪ ይሞከራል፣ ከሰራ ባትሪው መቀመጫ አካባቢ ከቆዳ ስር ይቀበራል። ልጅ ስለሚያድግና ስለሚሯሯጥ ሽቦው ቦታውን ሊለቅ ወይ ሊሰበር ይችላል፣ ስለዚህ ሌላው ሁሉ አልሰራ ሲል ነው የሚታሰበው። እሱ የቀዶ ጥገና ቡድን ስራ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ዋናውን ደረጃ በኢንተርፈረንሻል ነው የምጽፈው፣ ግራ የሚያጋባው እሱ ስለሆነ። የሌሎቹን ሁለት የፓድ ቦታና ቁጥር ከታች ታገኙታላቹ፣ ሁለት ፓድ ብቻ ስላላቸው ደረጃ 7 አይመለከታቸውም፣ የቀረው ሁሉ አንድ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ማሽኑን ከመንካታቹ በፊት

እነዚህ ካሉ ማሽን ሳይሆን ምርመራ ነው የሚያስፈልገው፦ ሲወለድ የመጀመሪያው ጥቁር ሰገራ ከ48 ሰዓት በላይ ዘግይቶ ከነበረ፣ አረንጓዴ ትውከት፣ ሆድ ተነፍቶ መወጠር፣ ክብደት አለመጨመር፣ ሰገራ ላይ ደም፣ የእግር መድከም ወይ የአረማመድ መቀየር፣ ወገብ ላይ ከአከርካሪው መስመር ጋር ጉድጓድ ወይ የፀጉር ቁጥቋጦ፣ ወይም ድንገት የመጣ ሽንት ማምለጥ። ለምሳሌ ሂርሽፕሩንግ የሚባለው በሽታ ላይ የአንጀቱ ክፍል የነርቭ ሴል ጭራሽ የለውም፣ የሌለ ነርቭ ደግሞ አይነቃቃም፣ መፍትሄው ኦፕራሲዮን ነው፣ ማሽን ላይ የሚባክነው ወር ልጁን ይጎዳል። «ራሳቹ አትጀምሩ» ያልኩትም ለዚህ ነው።

ከሐኪም ግልጽ ፈቃድ ውጪ የማይደረግባቸው ደግሞ፦

- ሰውነት ውስጥ የተቀበረ የኤሌክትሪክ መሳሪያ ያለው ልጅ (የልብ ምት የሚያስተካክል ፔስሜከር፣ ለመስማት የሚረዳ ኮክሊያ ኢምፕላንት)፣ ወይም ጭንቅላት ላይ ሻንት (ፈሳሽ የሚያወርድ ቱቦ) ያለው
- የልብ ምት ችግር ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት
- ፓዱ በሚያርፍበት ቦታ ቁስል፣ ሽፍታ፣ አዲስ የኦፕራሲዮን ጠባሳ ካለ
- ያ አካባቢ ስሜት የሌለው ልጅ (ስፓይና ባይፊዳ፣ ማለትም አከርካሪው ሳይገጥም የተወለዱ ልጆች ላይ ይኖራል)፣ ቢያቃጥለው እንኳ ስለማይነግራቹ
- እርግዝና ሊኖር የሚችልባት ትልቅ ልጅ

ደረት፣ አንገት፣ ጭንቅላት ላይ ደግሞ በምንም ምክንያት አይለጠፍም። ኮረንቲው በልብ ወይ በጉሮሮ በኩል እንዲያልፍ አንፈልግም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የታዘዘው ማሽን፣ ሴቲንጉ ክሊኒክ ውስጥ ተሞልቶ ቢቻል የተቆለፈ
- የሚለጠፉ ፓዶች (ብዙ ጊዜ 4 በ4 ወይም 5 በ5 ሴንቲሜትር)፣ ለአንድ ልጅ ብቻ የሚሆኑ
- ሁለት ሽቦ፣ እያንዳንዱ ጫፉ ላይ ለሁለት የተከፈለ (አንዱ ሽቦ አንድ ቻናል ይባላል)
- ሙሉ ቻርጅ ወይም ትርፍ ባትሪ
- ሽታ የሌለው ሳሙና፣ ውሃ፣ ንጹህ ፎጣ
- ቆዳ ላይ የሚጽፍ እስክሪብቶ (የፓዱን ጥግ ምልክት ለማረግ)
- ጠበቅ ያለ ካናቴራ ወይም ሰፊ ላስቲክ መቀነት
- ሽንት ቤት ላይ እግር ማሳረፊያ በርጩማ
- የታዘዘው የሚያለሰልስ መድኃኒት
- ደብተር፣ ይቺን አትናቁ

ደረጃ በደረጃ

1. መጀመሪያ የታጨቀውን አንጀት ባዶ አርጉ

ይሄን ዘሎ ማሽን የሚጀምር ወላጅ ብዙ ነው። ፊንጢጣው በደረቀ ሰገራ ተሞልቶ ከተለጠጠ «መጣብኝ» የሚለው ስሜት ይደነዝዛል፣ እዛ ላይ ነርቭ ብታነቃቁ የተዘጋ በር መግፋት ነው። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ማክሮጎል (ፖሊኤቲሊን ግላይኮል) ነው የሚያዘው፣ ለማጽጃ በቀን ከ1 እስከ 1.5 ግራም በኪሎ፣ ከ3 እስከ 6 ቀን ባለው፣ ከዛ ለማቆያ ከ0.2 እስከ 0.8 ግራም በኪሎ አካባቢ። ቁጥሩን የጻፍኩት ማዘዣቹን እንድትረዱት ነው እንጂ ራሳቹ እንድትመጥኑ አይደለም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። የልጁ ሙታንታ ላይ ቀጭን ፈሳሽ ሰገራ ሲታይ «ተቅማጥ ጀመረው» ተብሎ መድኃኒቱ ይቆማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ተቅማጥ አይደለም፣ ከደረቀው ጓል ጎንና ጎን የሚያመልጥ ነው፣ ልጁ ራሱ እንኳ ሳያውቀው። መድኃኒቱን ስታቆሙ ጓሉ ይብስበታል። ስለዚህ እርግጠኛ ካልሆናቹ ከማቆማቹ በፊት ደውላቹ ጠይቁ። (ልጁንም አትቆጡት፣ ሆን ብሎ አይደለም።)

2. ከመጀመራቹ በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት መዝግቡ

በየቀኑ አራት ነገር፦ ስንት ጊዜ ሽንት ቤት ላይ ካካ ወጣ፣ ዓይነቱ ምን ነበር (በብሪስቶል ሰንጠረዥ ከ1 እስከ 7፣ 1 እንደ በግ በጠጥ፣ 4 ለስላሳና ረጅም፣ 7 ውሃ)፣ ሙታንታ ላይ ነካ ወይስ አልነካም፣ እና ልጁ ራሱ «መጣብኝ» አለ ወይስ እናንተ ናቹ የላካቹት። ለምን ቢባል ለውጡ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ መነሻ ከሌላቹ ከሁለት ወር በኋላ «ለውጥ አለው የለውም» ብላቹ ባልና ሚስት ትከራከራላቹ።

3. ቋሚ ሰዓት ምረጡለት

ይሄ ህክምና አንዴ ጠንከር አርጎ ሰጥቶ የሚገላገሉት አይደለም፣ በመደጋገም ነው የሚሰራው። የሜልቦርን ተመራማሪዎች መጀመሪያ ክሊኒክ ውስጥ 20 ደቂቃ በሳምንት 3 ቀን ሰጥተው ነበር፣ በኋላ ወላጅ ቤት ውስጥ በየቀኑ 1 ሰዓት እንዲሰጥ አረጉት፣ እሱንም ለወራት። የናንተ ማዘዣ የተለየ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ተከተሉ። ሰዓቱ ግን ልጁ ተቀምጦ የሚቆይበት ቢሆን ይመረጣል፣ የቤት ስራ ሲሰራ፣ ካርቱን ሲያይ። ከእራት በፊት የሚያረጉ ቤተሰቦች ይመቻቸዋል፣ ምክንያቱም ማሽኑ ሲያልቅ ይበላል ከዛ ሽንት ቤት ይቀመጣል፣ ሁሉም በአንድ መስመር ይያዛል።

ተኝቶ ሳለ አይደረግም። እንቅልፍ ላይ ያለ ልጅ ፓዱ ግማሽ ተነስቶ ቆዳውን ቢወጋው አይነግራቹም።

4. ቆዳውን እጠቡ፣ አድርቁ

ሆዱንና ጀርባውን በሳሙናና በውሃ፣ ከዛ ሙልጭ አርጋቹ አድርቁ። ቅባት፣ ሎሽን፣ ቫዝሊን በዛን ቀን እዛ ቦታ ላይ አይነካም። ቅባት ካለ ፓዱ በአንድ ጥግ ብቻ ይይዝና ኮረንቲው በሙሉ በዛች ትንሽ ጥግ ያልፋል፣ ልጁ «ወጋኝ» የሚለው ያኔ ነው።

5. ማሽኑን ፓድ ሳትለጥፉ አረጋግጡ

ማሽኑ መጥፋቱን፣ የሁለቱም ቻናል መጠን ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ። ሽቦው ተሰንጥቆ ውስጡ የሚታይ ከሆነ አትጠቀሙበት። ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ልጁ ላይ አታርጉ፣ የአምራቹ መመሪያም ይሄንኑ ነው የሚለው። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ክሊኒክ ከጻፉላቹ ወረቀት ጋር አንድ መሆኑን አንብቡ። ኢንተርፈረንሻል ላይ ብዙ ጊዜ የምታዩት አንዱ ቻናል 4,000 ኸርዝ (በሰከንድ ስንት ምት እንደሚሰጥ)፣ ሌላው ከ4,080 እስከ 4,150 ባለው ውስጥ የሚለዋወጥ ነው። የሁለቱ ልዩነት (ከ80 እስከ 150 ኸርዝ) ነው ሆድ ውስጥ ነርቭ ጋ የሚደርሰው። ከፍተኛው ድግግሞሽ ቆዳን ብዙ ሳይቆረቁር ወደ ውስጥ እንዲገባ ይረዳል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ዝግተኛው ምት ውስጥ ይፈጠራል። ለዚህ ነው ተራ ቴንስ በቦታው የማይተካው፣ ወይም ለጡንቻ ማጠንከሪያ የሚሸጠው ማሽን።

6. ፓዶቹን ለጥፉ

ልጁ ይቁም ወይ በርጩማ ላይ ይቀመጥ፣ ተኝቶ ከለጠፋቹት ሲነሳ ቆዳው ይጎተትና ይላቀቃል።

ፊት፦ ሁለት ፓድ፣ አንዱ ከእምብርት ቀኝ ሌላው ግራ፣ ከታችኛው የጎድን አጥንት ስር። አጥንቱ ላይ አይውጣ።

ጀርባ፦ ሁለት ፓድ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ ከታችኛው የጎድን አጥንቶች ከፍታ እስከ ወገብ መጀመሪያ ባለው። አከርካሪው አጥንት ላይ ራሱ አይደለም፣ በጎኑ ያለው ሥጋ ላይ ነው። ወደላይ ወደ ትከሻ መሀል አትሂዱ።

በፓዶቹ መሀል ቢያንስ ሁለት ጣት ክፍተት ይኑር። ከተነካኩ ኮረንቲው በቆዳ ላይ በአቋራጭ ይሄዳል፣ ውስጥ አይገባም። ቀጭን ልጅ ላይ ይሄ በተለይ ጀርባ ላይ ያጋጥማል፣ ትንሽ ፓድ ይሰጡን ብላቹ ጠይቁ እንጂ በመቀስ አትቁረጡ፣ ፓድ ባነሰ ቁጥር እዛች ቦታ ላይ የሚያርፈው ኮረንቲ ይጠነክራል፣ የተቆረጠው ጠርዝም ቆዳ ያቃጥላል።

ክሊኒኩ ሲያሳያቹ የፓዱን አራት ጥግ በእስክሪብቶ እንዲያስምሩላቹ አርጉ፣ ስልካቹ ላይም ፎቶ አንሱ። ምልክቱን ከየመታጠቢያው በኋላ አድሱት። ቤት ውስጥ ቦታው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሸሸ ከወር በኋላ ፓዱ ዳሌ ላይ ተገኝቶ ያውቃል።

7. ሽቦውን በመስቀል አገናኙ

ከዚህ ሁሉ ዋናው ይሄ ነው፣ ሁለቴ አንብቡት።

ቻናል 1፦ የፊት ቀኝ ከ የኋላ ግራ ጋር።
ቻናል 2፦ የፊት ግራ ከ የኋላ ቀኝ ጋር።

ማለትም የአንዱ ሽቦ ሁለት ጫፍ አንዱ ሆድ ላይ አንዱ በተቃራኒው ጎን ጀርባ ላይ ነው። ሁለቱ መስመሮች ሆድ ውስጥ ይቋረጣሉ፣ የምንፈልገው ምት የሚፈጠረውም እዛ መቋረጫው ላይ ነው። የአንዱን ሽቦ ሁለት ጫፍ ሁለቱንም ፊት ካረጋቹት ልጁ መንዘሩ ይሰማዋል፣ ማሽኑም «ኤረር» አይልም፣ ሁሉም ደህና ይመስላል፣ ግን ሁለቱ መስመሮች አይቋረጡም። ወራት እንደዚህ አርገው «አልሰራልንም» ብለው የመጡ ቤተሰቦች አሉ። መፍትሄው ቀላል ነው፣ የቻናል 1 ጫፎች ላይ ሁለቱም ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልሉ፣ የቻናል 2 ላይ ሰማያዊ፣ ፎቶውም ላይ ቀለሙ ይታይ። ቤት ውስጥ አያት ወይ ሞግዚት ከሆነች የምትሰጠው ቀለሙን ብቻ አሳዩዋት ይበቃል።

ከዛ ካናቴራውን ወይ መቀነቱን ከላይ አልብሱት፣ ፓዱ እንዳይላቀቅ።

8. ቀስ እያላቹ ከፍ አርጉ

ማሽኑን አብሩና አንዱን ቻናል አንድ አንድ እያረጋቹ ጨምሩ፣ ልጁን እያያቹ። «ይሰማሃል?» በሉት፣ «አዎ» ሲል ያን ቁጥር ያዙ፣ ከዛ ሌላውን ቻናል እንደዛው። የምትፈልጉት ግልጽ ግን የማያም ንዝረት ነው፣ ትንንሽ ልጆች «ጉንዳን ሄደብኝ» ይሉታል፣ እሱ ትክክል ነው። «ወጋኝ»፣ «ቆነጠጠኝ»፣ «አቃጠለኝ» ካለ ወዲያው ቀንሱ። ጡንቻው ሲዘል ወይ ሲኮማተር ካያቹም በዝቷል።

ጥናቶቹ ላይ የተጠቀሙበት ከ33 ሚሊአምፔር (የኮረንቲው መጠን መለኪያ) በታች ነው። ልጃቹ በ12 ከተሰማው 12 ነው፣ የጎረቤት ልጅ 25 ላይ ነው ብላቹ አትወዳደሩ። መጠን ስለጨመራቹ አንጀት አይፈጥንም፣ ልጁ ብቻ ማሽኑን ይጠላዋል፣ ልጅ የጠላውን ነገር ደግሞ ለሶስት ወር በየቀኑ ማሰራት ምን እንደሆነ ታውቁታላቹ።

ከአምስት አስር ደቂቃ በኋላ «ጠፋ» ሊላቹ ይችላል። ማሽኑ አልጠፋም፣ ቆዳው ለምዶት ነው። አንድ ሁለት ነጥብ ጨምሩና ተዉት።

9. ጊዜው እስኪያልቅ

መቀመጥ፣ ማንበብ፣ በዝግታ መራመድ ይችላል። መታጠቢያ ቤት፣ ውሃ፣ ብስክሌት የለም። አስር ደቂቃ ሲሞላ አንዴ ካናቴራውን ገልጣቹ ፓዱ በአራቱም ጥግ መያዙን እዩ። ብቻውን ቤት ትታቹት አትውጡ።

10. አጥፉ፣ ከዛ አውጡ

ሁለቱንም ቻናል ወደ ዜሮ፣ ከዛ ማሽኑን አጥፉ፣ ከዛ ነው ፓዱ የሚነቀለው። እየሰራ ከነቀላቹ ግማሹ ሲላቀቅ ቀሪው ግማሽ ላይ ኮረንቲው ይጠነክራል፣ ልጁ ይደነግጣል፣ ነገ እሺ አይላቹም። ፓዱን ጥጉን ይዛቹ ቀስ ብላቹ ንቀሉ እንጂ በሽቦው አትጎትቱ።

ቆዳው ሊቀላ ይችላል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጠፋ ችግር የለውም። ፓዱን ወደ ፕላስቲኩ መልሱ፣ የሚለጠፈውን ጎን በጣት አትንኩ። ከደረቀ አንድ ጠብታ ውሃ በጣት ጫፍ ቀቡት። የካናቴራ ቃጫ ከሰበሰበ፣ ጠርዙ ከተነሳ፣ ወይ ድሮ ይበቃ የነበረው ቁጥር ድንገት የማይሰማው ወይ የሚወጋው ከሆነ ፓዱ አልቆበታል፣ ቀይሩ። ሰው ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ይዞ ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው ፓዱ ነው።

11. ሽንት ቤት ላይ አስቀምጡት

ማሽኑ ብቻውን ካካ አያስወጣም፣ ይሄን ላስረግጥላቹ። ከምግብ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ አንጀት በተፈጥሮው ይንቀሳቀሳል፣ ያን ሰዓት ተጠቀሙበት። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ እግሩ በርጩማ ላይ፣ ጉልበቱ ከዳሌው ከፍ ብሎ፣ ወደፊት ትንሽ ጎንበስ። እግሩ ከተንጠለጠለ የዳሌ ወለል ጡንቻው ዘና አይልም፣ መውጫው ተጣጥፎ ይቀራል። ፊኛ ወይ አረፋ ይንፋ፣ ሲነፋ ሆዱ በትክክል ይገፋል። ስልክ አትስጡት፣ ለምን እንደተቀመጠ ይረሳል። የምትሸልሙት ስለተቀመጠ ነው እንጂ ስለወጣለት አይደለም፣ መውጣቱ በእጁ አይደለም መቀመጡ ግን በእጁ ነው።

12. ጻፉ

የዛኑ ቀን፦ ስንት ደቂቃ፣ በስንት ቁጥር፣ ቆዳው እንዴት ነበር፣ ከደረጃ 2 ያሉት አራቱ። ለክትትል ስትሄዱ ደብተሩን፣ ማሽኑን፣ ፎቶውን ይዛቹ ሂዱ።

ጀርባ ወይም እግር ከሆነ የታዘዘላቹ

ፓራሳክራል፦ ልጁ በሆዱ ይተኛ። ሁለቱን ፓድ ከጅራት አጥንት በላይ ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ግራና ቀኝ ለጥፉ፣ መቀመጫዎቹ የሚለያዩበት መስመር ከሚጀምርበት ከፍ ብሎ። ብዙ ጊዜ 10 ኸርዝ፣ 20 ደቂቃ ነው። ወደ ፊንጢጣ ስሜት የሚወስዱት ነርቮች (ከሳክራል 2 እስከ 4) የሚወጡት እዛ ጋ ስለሆነ ነው ቦታው የተመረጠው።

ቁርጭምጭሚት፦ አንዱ ፓድ ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ሶስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ወደኋላ ከተረከዝ በላይ ወዳለው ወፍራም ጅማት ጠጋ ብሎ፣ ሌላው በዛው እግር ተረከዝ ውስጠኛ ጎን ወይ የእግር መዳፍ ቅስት ላይ። ቦታው ትክክል መሆኑን የምታውቁት አውራ ጣቱ ትንሽ ሲታጠፍ ወይ ልጁ «እግሬ ስር ነዘረኝ» ሲል ነው። ከዛ ወዲያ መጨመር አያስፈልግም። ከ10 እስከ 20 ኸርዝ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የተለመደ ነው። «ሆዱን አሞት እግሩ ላይ ምን ይሰራል?» የሚለኝ ብዙ ሰው ነው፣ የቲቢያል ነርቭ ከወገብ 4 እስከ ሳክራል 3 ካሉት ሥሮች ስለሚመጣ ምልክቱ ወደ ላይ ሄዶ ፊንጢጣን የሚቆጣጠሩት ሥሮች ጋ ይደርሳል።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

መድኃኒቱን ማሽኑ በመጣበት ቀን ማቆም። አንደኛው ይሄ ነው። ማሽኑ እስኪሰራ ሳምንታት ይፈጅበታል፣ በመሀል አንጀቱ እንደገና ይታጨቃል፣ ከዛ ተመልሳቹ ደረጃ 1 ላይ ናቹ። የሚቀነሰው በሐኪም፣ ቀስ ተብሎ፣ ደብተሩ ሲፈቅድ ነው።

ትናንት ስለዘለልን ዛሬ ሁለት ሰዓት እናርግ ማለት። አይካካስም፣ ቆዳ ብቻ ይቆጣል፣ በቃ በዛሬው ቀጥሉ።

አንዱን ፓድ ለወንድም ለእህት መጋራት፣ ወይም እናት ለወገቧ ህመም ማሽኑን ወስዳ ሴቲንጉን ቀይራ መመለስ (ስቄ ነው የምጽፈው ግን በየጊዜው ያጋጥማል)።

ልጁ ከበር ጀርባ ቆሞ እግሩን አጣምሮ ሲቀላ «እያማጠ ነው» ብሎ ማሰብ። አብዛኛውን ጊዜ እያማጠ ሳይሆን እየያዘ ነው፣ ስላመመው ፈርቶ። ሰገራው ለስላሳ ሆኖ ካልቆየ ይሄ ፍርሃት አይለቅም፣ ማሽን ደግሞ ፍርሃት አያወጣም።

በሁለት ሳምንት ለውጥ መጠበቅ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው የካካው ቁጥር መጨመር አይደለም፣ ሙታንታ ላይ የሚነካው መቀነሱና ልጁ ራሱ «መጣብኝ» ማለቱ ነው። ደብተሩ ላይ እነዚህን ፈልጉ።

መቼ ነው አቁማቹ የምትደውሉት?

ቆዳው ውሃ ከቋጠረ፣ ወይ መቅላቱ በማግስቱ ካልጠፋ ለዛ ቦታ እረፍት ስጡና ክሊኒኩን ጠይቁ። የፓዱ ማጣበቂያ አለርጂ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ዓይነት ፓድ አለ። ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት ከመጣ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ካስመለሰው፣ ደም ካያቹ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይ እግሩ ከደከመ ማሽኑን ተዉትና በዛኑ ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት። ልጁ ኤምአርአይ የሚነሳ ከሆነ ፓድና ሽቦ በሙሉ ይውለቅ።

እስከ መቼ?

በማዘዣው ጊዜ ሙሉ ሳትዘሉ ስጡና (ብዙ ጊዜ ሶስት ወር፣ አንዳንዴ ስድስት) ደብተሩን ከመነሻው ሁለት ሳምንት ጋር አስተያዩ። የማስረጃው መጠን ትንሽ ነው፣ በ2016 (በፈረንጅ) የወጣው የኮክሬን ግምገማ (ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት ነው) መስፈርቱን ያሟላለት አንድ ጥናት፣ 46 ልጆች ብቻ ነበር፣ ስለዚህ «ለሁሉም ይሰራል» ብሎ የሚምልላቹን ሻጭ አትመኑት። ለውጥ ካለ በአንዴ አታቁሙ፣ ከየቀኑ ወደ አንድ ቀን ዘሎ፣ ከዛ በሳምንት ሁለቴ እያላቹ ከክሊኒኩ ጋር ቀንሱ፣ በየደረጃው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆይታቹ ደብተሩን እያያቹ። ሙታንታው እንደገና መነካት ከጀመረ ወደ በፊተኛው ደረጃ ተመለሱ። ጊዜውን ጨርሳቹ ደብተሩ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ መጀመሪያ የሽቦውን መስቀልና የፓዱን ቦታ ክሊኒክ ሄዳቹ በዓይናቸው እያዩ ለጥፉላቸው፣ እሱ ትክክል ከሆነ የአንጀት ጉዞ ምርመራና ሌላ አማራጭ ጠይቁ።